ስጨርስ እጠራዎታለሁ

መኪናዋ የተሰጠችኝ በአንድ ቃል ነው። ሽማግሌው ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ «እንድትነሳ አድርጋት፤ ስትነሳ አንድ ቀን አብረን ወጣ ብለን እንመለሳለን» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ያቺን ቃል መጠበቅ ምን ያህል ቀላል እንደነበረና እኔ ምን ያህል እንዳከበድኳት ሳስበው ይገርመኛል፤ ከመገረሙም ይልቅ ይቆጨኛል።

ሙያዬ ይህ ነበር። አዲስ አበባ፣ ጎተራ አካባቢ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሞተር አወርዳለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ፣ የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጬ እንደነበረ አደርጋለሁ። ኦስሎ ስመጣ ግን ወረቀትህ የት አለ ተባልኩ። እኔ የሠራሁበት ጋራዥ ለሠራተኛው ሻይ እንጂ ወረቀት አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ሮመን በሚባል ሰፈር የሚገኝ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገባሁ። ሥራ ነው፣ አላማርርም። ግን መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ መኪና ባየሁ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቼ ማየት ያምረኝ ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሃውገንስቱዋ በእግሬ ስመለስ፣ ተያይዘው ከተሠሩት ትናንሽ ቤቶች በአንዱ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ለማስነሳት የሚታገል ሰው ሰማሁ። ይሽከረከራል፣ ያጉረመርማል፣ ይጠፋል። እንደገና። ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኑን ጆሮዬ ነገረኝ። እዚህ አገር ሳይጠሩት የሰው ግቢ የሚገባ የለም፤ ሰላምታ እንኳ ሲበዛ ሰው ይደነግጣል። ይህን ሁሉ ረስቼ በሩ ላይ ቆምኩና «ቤንዚን አይደርሳትም፤ ካርቡራተሩ ደርቋል» አልኩ።

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ የሱፍ ሹራብ የለበሱ ሰው ነበሩ። ማን ነህ፣ ምን ፈለግህ አላሉኝም። «ታውቅበታለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ከያዙት መፍቻ ጋር ቦታውን ለቀቁልኝ። በኖርሽክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ነው። እኔ ግን ሳወራቸው በልቤ አንቱ እላቸው ነበርና እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

መኪናዋ ከስልሳዎቹ መጨረሻ የሆነች፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ የረዘመ የአሜሪካ መኪና ናት። ኖርዌጂያኖች ቆጣቢ ሰዎች ናቸው፣ መብራት ሳያጠፉ ከክፍል አይወጡም፤ ቤንዚን እንደ ውኃ የምትጠጣ የአሜሪካ መኪና ሲያዩ ግን ልባቸው ይቀልጣል። ሽማግሌው በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ሲሠሩ ነው የገዟት። በየበጋው ከባለቤታቸው ጋር እስከ ስዊድን ይነዷት ነበር። ከዚያ ልጅ መጣች፣ ሥራ በዛ፣ መኪናዋ ሸራ ለበሰች። በየጸደዩ «ዘንድሮ እጠግናታለሁ» እያሉ ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ባለቤታቸው ባለፈው ክረምት ሞቱ። ሸራው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመው መፍቻ አልይዝ ብለዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ዋፈል የሚሉትን ለስላሳ ቂጣ በቡናማ አይብ አቀረቡልኝ። ጾም ነው አልኳቸው። እንቁላሉንም ቅቤውንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። አልተከራከሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረቅ ዳቦና ማርማላታ ይዘው ጠበቁኝ፤ ጾሙ መቼ እንደሚፈታም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር በእርሳስ አስምረው ነበር።

በዓመቱ ቤቱን ሸጡ። ደረጃው ከብዷቸው ነው። ሊንደሩድ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራዩ፤ ጋራዥ የላትም። ልጃቸው፣ ሌላ ከተማ የምትኖር ሴት፣ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት እንስጣት አለች። እሳቸው ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ፤ በወረቀትም ወደ ስሜ አዞሩልኝ። እንግዲህ አስቡት። ወንድሜ ብስክሌቱን አያውሰኝም። እናቴ ደግሞ ጎረቤት የላከላትን ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም ነበር፤ ትንሽ ነገር ሳታደርግበት ከቤት አይወጣም። እኔ ይህን የሚያህል ነገር ተቀብዬ እንዴት ባዶውን ልመልስ? ያን ቀን በልቤ ወሰንኩ። ሽማግሌው የጠየቁኝ እንድትነሳ ብቻ ነበር፣ እኔ ግን እንደ ሙሽራ አስጊጫት ላወጣላቸው አሰብኩ።

በጭነት መኪና ተጭና ሃውገንስቱዋ መጣች። ከፎቃችን ሥር በር ያላት፣ አንዲት መኪና የምታስገባ ጋራዥ አለችን። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ነበር። ስገባ፣ «ብረት ለመልቀም ነው እዚህ ድረስ የመጣነው?» አለችኝ። የሽማግሌውን ነገር ስነግራት ግን «ጥሩ ሰው ናቸው፤ ቶሎ አድርስላቸው» አለች።

ቶሎ አልሆነም። እዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ለበረዶ መልካም ነው፣ ለብረት ግን መርዝ ነው። ምንጣፉን ስገልጥ ወለሉ አልነበረም፤ ሲሚንቶው ወለል ወለል ብሎ ታየኝ። የጎማ መሸፈኛዋን፣ እኛ ፓራፋንጎ የምንለውን፣ በጣቴ ብነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ሌላው ሰው ከአሜሪካ አዲሱን አዝዞ ይገጥማል። እኔ ሙያ የተማርኩበት ጋራዥ ግን አዲስ ዕቃ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። የተጣመመውን ታቃናለህ፣ የጎደለውን ከላሜራ ቆርጠህ፣ በመዶሻ አጥፈህ ትሠራለህ። እንደዚያው ያዝኩት። አንዱ ጎን ብቻ አንድ በጋ ፈጀብኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር ለሚለኝ ሰው መልሱ ካላንደሩ ላይ ነው። በሥራ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ከመሸ በኋላ ቦረትስላጉ፣ የፎቁ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው፣ መዶሻ አይፈቅድም። እሁድ ጭራሽ አይታሰብም፤ እሁድ እዚህ አገር ሚስማር የመታ ሰው ነፍስ የገደለ ያህል ይታያል። የቀረኝ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜው ደግሞ አሥራ ሁለት ላይ ሲውል ሚካኤል ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲውል ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም። ባለቤቴ ከላይ ሆና በስልክ ትደውላለች። «ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ስትለኝ መዶሻዬን አስቀምጣለሁ። በክረምት ደግሞ ብረቱ ከእጅ ቆዳ ጋር እስኪጣበቅ ይበርዳል። ሲደመር በዓመት ሃያ የሥራ ቀን ባገኝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሽማግሌው ይመጡ ነበር። ከሊንደሩድ አውቶቡስ ይዘው፣ ተጣጣፊ ወንበራቸውንና የቡና ፔርሙዛቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እጃቸውን አያስገቡም፣ እንዲህ አድርግ አይሉም። አንዳንዴ አንድ ብረት ቀጥቅጬ ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው ተቀብለው በተጣመሙ ጣቶቻቸው ጠርዙን ይዳብሱትና «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ እንደማለት፣ ብለው ይመልሱልኛል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ወንበራቸውን አጥፈው ይሄዳሉ። ያቺ «ያ፣ ያ» ለኔ ትልቅ ነገር ነበረች። በዚህ አገር ሙያዬን አይቶ ሰው ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። እወዳቸው ነበር፤ ነግሬያቸው ግን አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት በሮቹን፣ ኮፈኑን፣ ወንበሮቹን፣ ሞተሩን ሁሉ አውጥቼ፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ቆርጬ ጣልኩ። እንዲህ ካልተደረገ አይሆንም፤ ሙያው ነው። ያን ቅዳሜ ሽማግሌው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። አልተቀመጡም። ጣሪያዋ ላይ እጃቸውን አሳረፉና ቀስ ብለው «ብዙ አልቀረላትም» አሉ። ፔርሙዛቸውን ሳይከፍቱት ያዙት። ፊታቸውን አየሁ፤ የሚወዱት ሰው አስከሬን ላይ ያቆምኳቸው መሰለኝ። ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እንግዳ ቤት ሲመጣ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ያልታጠበው ሳህን ተደብቆ፣ ያልተነጠፈው አልጋ በር ተዘግቶበት ነው የሚገባው። እኔ ደግሞ ሰውየውን ጓዳዬ ድረስ አስገብቼ ጉዴን አሳየኋቸው።

«ከእንግዲህ አይልፉ» አልኳቸው። «ስጨርስ እጠራዎታለሁ። ያኔ በወግ በማዕረግ ይቀመጡባታል።»

«እሺ» አሉኝ። ወንበራቸውን አጥፈው ወጡ።

በልቤ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ ብዬ ነበር። እኛ አገር አይልፉ የተባለ ሰው ለፍቶ ነው የሚመጣው፤ አይልፉ ማለትም አክብሮት ነው እንጂ ክልከላ አይደለም። ሽማግሌው አልመጡም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። እንዲያውም ትንሽ ቅር አለኝ። ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ። «አትምጡ አልካቸው፤ አልመጡም። ሌላ ምን እንዲያደርጉልህ ፈለግህ?» አለች።

ከዚያ በኋላ በስልክ ሆነ። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ይደውላሉ። እንዴት ናት? ይሉኛል። ደህና ናት፣ ትንሽ ነው የቀራት እላቸዋለሁ። መልካም ገና እንባባላለን።

ሞተሯ የተነሳው በስድስተኛው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ነዋሪው ሁሉ ግቢ ለመጥረግ በወጣበት ቅዳሜ ነው። ቁልፉን ሳዞር መጀመሪያ ሳለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ስምንቱም ሲሊንደሮች አንድ ላይ ያዙ። ድምፁ በእግሬ በኩል ወደ ሆዴ ሲወጣ ይሰማኛል። መጥረጊያ የያዘው ጎረቤት ሁሉ ወደ ጋራዤ ዞረ። እንባዬ መጣ። አላፍርበትም፤ ከጎተራ ከወጣሁ ወዲህ በእጄ የተነሳ የመጀመሪያው ሞተር ነው።

ወዲያው ደወልኩላቸው። «ተነሳች» አልኩ። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት። ረጅም ጊዜ ከያዝኩት በኋላ ወደ ጆሮዬ ስመልሰው ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ልምጣና ልቀመጥባት?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ሌላውን ሁሉ ይቅር ማለት እችላለሁ። «አሁን?» አልኳቸው። «ወንበር እኮ የላትም። ወለሉ ላይ ሣንቃ ነው ያጋደምኩት። እርስዎን የሚያህል ሰው የእንጨት ሳጥን ላይ ላስቀምጥ?»

«እኔ ግድ የለኝም» አሉ።

«እኔ ግን ግድ አለኝ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እሺ፤ አንተ ታውቃለህ» አሉና ተሰናበቱኝ።

እኛ ብንሆን ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነበር። እሳቸው እመጣለሁ ይላሉ፤ እኔ በእግዚአብሔር እላለሁ፤ እሳቸው በርጩማዬን ይዤ እመጣለሁ ይላሉ፤ ሦስተኛው ላይ እኔ እሸነፋለሁ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን አንዴ ጠየቁ፣ አንዴ መለስኩላቸው፣ አበቃ። በእሳቸው አገር አይሆንም ያለ ሰው አይሆንም ማለቱ ነው፤ የሰውን ቃል አክብሮ መቀበል ነው ጨዋነቱ። ሁለታችንም ጨዋ ሆንን። ጨዋነታችን ነው የጎዳን።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ልክ ልኬን ነገረችኝ። እሷ የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። «ሰውየው ወንበር ጠየቁህ?» አለችኝ። «ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እኔ ዛሬ ጠዋት ያጎረስኳቸው ሰውዬ አምና በበረዶ መንሸራተቻ ጫካ የሚገቡ ነበሩ። ውሰዳቸው። ሳጥን ላይም ቢሆን፣ እቅፍህ ውስጥም ቢሆን ውሰዳቸው።» እውነቷን ነበር። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ወንበሮቹን በጫማ ሰፊ መርፌ በእጄ ሰፋሁ፤ ሁለት ክረምት። ቀለሙን አራት ጊዜ ቀባሁ። ሦስተኛው ላይ ማንም ሰው ጥሩ ነው ይል ነበር፤ እኔ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሳየው ከኋላ በሩ አጠገብ የጥፍር ያህል ሞገድ አየሁና ሁሉንም ፋቅኩት። ሰው ሲጠይቀኝ ለሽማግሌው ክብር ነው እል ነበር። እውነቱን አሁን ልናገረው። ክብር ብቻ አልነበረም። ጋራዡ ውስጥ ስሆን ባለሙያ ነኝ፤ በሩን ቆልፌ ስወጣ ግን ባልዲና መጥረጊያ የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ። መኪናዋ ስታልቅ እኔም አብሬያት የማልቅ መስሎኝ ፈርቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ነው የቀራት እያልኩ ሌላ የሚቀር ነገር እፈልግላት ነበር።

ስልኩ ግን በየገናው ይመጣል። ጥያቄያቸው እያጠረ ሄደ። አንድ ዓመት በአንድ ስልክ ውስጥ እንዴት ናት የሚለውን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ መለስኩላቸው። ከዘጋሁ በኋላ ስልኩን ይዤ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በአሥረኛው ዓመት ለገና አልደወሉም። ተቀይመውኛል አልኩ። ልደውል ብዬ ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቻለሁ። ግን ምን ብዬ? ባዶ እጄን፣ መኪናዋ ሳታልቅ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ነዎት ልበል? ስትጨርስ ትደውላለህ አልኩ ለራሴ።

መጋቢት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ልጃቸው ናት። የአባቷን ቤት ልታስረክብ መጥታ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ «መኪናዬ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ቁጥሬን አግኝታ ነው። አባቷ ከመከር ጀምሮ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው፤ ባለቤቴ የምትሠራበት ሳይሆን ሌላ። «ይረሳል» አለችኝ። «አንዳንድ ቀን እኔንም አያውቀኝም። ስለ መኪናዋ ግን ያወራል። ተነስታ የምትሄድ ከሆነ ልታሳየው ትችላለህ? ካልተመቸህ ግን ምንም አይደለም።»

«በቅርቡ» አልኳት።

ምን ቀርቶ ነበር? ሕጋዊ ምርመራው፤ እሱ ግድ ነው፣ ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ አለፈች። ያን ቀን ከምርመራው ቀጥታ መሄድ እችል ነበር። ግን የውስጥ ጣሪያዋ ጨርቅ ጥጉ ላይ ተሸብሽቦ ነበርና አወረድኩት። እንደገና ወጥሬ እስክሰፋው አምስት ሳምንት። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየውን ጣሪያ ስወጥር ከረምኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ መናገር ትታ ነበር፤ እራት አቅርባልኝ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች።

በመጨረሻ ግንቦት መጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አጥቤ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ ለሰርግ የምለብሰውን ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከረባት አሰርኩ። ከአጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አዲስ ፎጣ አነጠፍኩ። ባለቤቴ ሥራ ነበረች። ከሃውገንስቱዋ ስወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ ብስክሌት ላይ ያለው አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም። የምላቸውንም እየተለማመድኩ ነበር የምነዳው። ይቅርታ ዘገየሁ፣ እነሆ፣ ልበል? ወይስ ዝም ብዬ በሩን ልክፈትላቸው?

በመኖሪያው በር ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ነበሩ። ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አለ። ያ ረጅም ሰውዬ አልቀው አንድ ፍሬ ሆነዋል። መኪናዋን ከፊታቸው አቆምኩ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። ድምፁን ሲሰሙ አንገታቸው ቀና አለ። ዓይናቸው በራ። አወቋት አልኩ።

ወርጄ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ጨበጥኩ።

«ቆንጆ መኪና ናት» አሉኝ።

«የእርስዎ ናት» አልኳቸው።

ሳቁ። «ኔይ፣ ኔይ፤ አይደለችም። የኔ እንዲህ አታበራም።» ከዚያ ምስጢር እንደሚነግረኝ ሰው ወደኔ ቀረብ አሉ። «የኔን አንድ ኢትዮጵያዊ እየሠራልኝ ነው። ሃውገንስቱዋ ነው ያለው። ሁሉንም በእጁ ነው የሚቀጠቅጠው። እንደሱ ያለ ባለሙያ አይቼ አላውቅም።»

እንደምንም ብዬ «እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጫማዬን አዩ፣ ከረባቴን አዩ። «እሱ ቱታ ነው የሚለብሰው» አሉኝ፣ እንዳልከፋ ተጠንቅቀው።

በሩን ከፈትኩላቸው። እስኪ ትንሽ ዞር ዞር እንበል አልኳቸው። ኔይ አሉ። እባክዎን አልኳቸው። ኔይ አሉ። ክንዳቸውን ያዝ አድርጌ ለሦስተኛ ጊዜ ለመንኳቸው፤ በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። ቀስ ብለው ክንዳቸውን አስለቀቁና፣

«እጠራሃለሁ ብሎኛል» አሉኝ። «እኔ በሌላ ሰው መኪና ስዞር እሱ ቢመጣና ቢያጣኝስ? ስንት ዓመት የለፋልኝ ሰው ነው። አይሆንም።»

ተመልሼ ሞተሩን አጠፋሁ። ግቢው ጸጥ አለ። ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አንተም ሰው እየጠበቅህ ነው?» አሉኝ።

«ያ» አልኳቸው። ተቀመጥኩ። ለምሳ እስኪጠሯቸው ድረስ አብረን ጠበቅነው።